ከካሮ እስከ ሎሪ
በካርቱም ግቢዎችና ዋርሻዎች የተሠራው ሻንሲ አጭር ታሪክ

የአንድ ማኅበር የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ መሪዎቹ፣ ስለ በዓላቱ፣ ስለ እድሩና ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን እኛ በካርቱም የኖርን ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በእጃችን ሥራ ነው። ከእነዚህም የእጅ ሥራዎች አንዱ እስከ ዛሬ በወጉ ሳይጻፍ ስለቀረ፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት ወደድን። ሥራው የተሽከርካሪ አጽም ማበጀት፣ ይኸውም ሻንሲ መሥራት፣ መጠገን፣ ማስረዘምና ማጠንከር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ሻንሲ ማለት ከመኪናው ሥር የተዘረጋው የብረት አልጋ ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች በቀኝና በግራ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል መርገጫ የተሻገሩ አጫጭር ብረቶች ያያይዟቸዋል። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ካቢናው፣ ካሶኒውና ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው። ከታች ደግሞ ባሌስትራውና አክስሉ ይያዙበታል። መንገደኛ ሎሪ ሲያይ ቀለሙንና ጌጡን ያደንቃል እንጂ ሻንሲውን አያይም። ሻንሲው የሚታወሰው በተሰበረ ዕለት ነው።

ቀጥቃጭ በአገራችን

ታሪኩን ከአገር ቤት እንጀምር። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን ተንቆ የኖረ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን ከእጁ የሚቀበለው ሕዝብ ራሱ «ጠይብ» እያለ ይሰድበው፣ «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ማስቀለጣቸውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ የተጓዘው ግን በሠረገላ ላይ ሆኖ፣ መንገድ እየተጠረገለት መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። መድፉ ሲወራለት፣ መድፉን የተሸከመው ሠረገላ ተረሳ። የሻንሲ ዕጣ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ማለት ይቻላል።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውም የታወቀ ነው። አዋጁ የሰውን ልብ በአንድ ቀን ባይለውጠውም፣ የመንግሥት ቃል ከሠራተኛው ጎን መቆሙ ትልቅ ነገር ነበር። ኋላም መኪና በአገሩ ሲበዛ ብረት ሠራተኛው «መካኒክ» የሚባል አዲስ ስም አገኘ፤ በዚህም ስም ጥቂት ከበሬታ አተረፈ። ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮና ከ1941 በኋላ በአገሩ ከቀሩት ጣልያናውያን ጋራዦች ሙያውም ቃሉም ወደ እኛ ገባ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ትሩፋቶች ናቸው። እነዚህን ቃላት ይዘን ነው ድንበር የተሻገርነው።

ሎሪው በሱዳን

በሱዳንም ብረት የራሱ ታሪክ ነበረው። የባቡር ሐዲዱ ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ በ1899 መጨረሻ ለካርቱም ትይዩ የሆነችውን ባሕሪን ደረሰ። የምድር ባቡሩ ማዕከል የሆነችው አትባራ ደግሞ በባቡር ጥገና ብዙ ብረት ሠራተኞችን ያፈራች ከተማ ሆነች። ነገር ግን ባቡር የሚደርሰው ሐዲድ በተነጠፈበት ብቻ ነው። ከሐዲዱ ውጭ ያለውን ሰፊ አገር፣ ይኸውም የኮርዶፋንን አሸዋ፣ የገዳሪፍን ጥቁር ጭቃና የሰሜኑን በረሃ የያዘው ሎሪ ነበር።

ከሎሪዎቹ ሁሉ ስሙ ገኖ የቆየው ቤድፎርድ ነው። ይህ መኪና በእንግሊዝ አገር የቮክስሆል ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ ሱዳን የወደደችው ባለ አፍንጫው «ቲጄ» የተባለው ሞዴል በ1958 የወጣ ነው። መኪናው ሲመጣ ሞተር፣ አክስልና ሻንሲ እንጂ ሙሉ አካል አልነበረውም፤ ካሶኒው የሚሠራው እዚሁ በአገሩ አናጢና ብረት ሠራተኛ እጅ ነበር። በእርግጥ አካሉን በየአገሩ ማሠራት በብዙ የዓለም ክፍል የተለመደ ነው። የሱዳን ባለሙያዎች የሚለዩት ግን ሻንሲውንም ጭምር እንደገና መሥራታቸው ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። መኪናው የታሰበው ለእንግሊዝ አስፋልት ነበር። አምስት ወይም ስድስት ቶን እንዲጭን የተሠራውን ሎሪ እዚህ ከዚያ በላይ ጭነውት፣ በጭነቱ ላይ ሰው ጨምረውበት፣ መንገድ በሌለበት ምድር ይነዱታል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሌላው ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ሻንሲው እንደተጨመቀ ልብስ ይጠማዘዛል። በዚህ ዓይነት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብረቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሱዳን ኡስታዎች አዲሱን መኪና ገና ሥራ ሳይጀምር ወደ ዋርሻ አስገብተው ሻንሲውን በሌላ ብረት መደረብ፣ ባሌስትራውን አውልቀው ቅጠል መጨመርና ቅስቱን መለወጥ ልማድ አደረጉ። እንዲህ ታድሶ የወጣውን ቤድፎርድ «ሲፊንጃ» ይሉታል፤ ለስላሳ ነጠላ ጫማ ማለት ነው። ጀርመናዊቷ ቫለሪ ሄንሽ ስለዚሁ መኪናና ስለ ሠሪዎቹ በ2009 ባወጣችው ዘጋቢ ፊልም ላይ «የብረቷ ሙሽራ» የሚል ቅጽል ጨምራለታለች። የእኛ ሰው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚለው ነው፤ የሱዳንን መንገድ የሚችለው በሱዳን እጅ የታደሰ ብረት ነበር።

እኛ ወደ ዋርሻው እንዴት ገባን

የእኛ ሰዎች በሱዳን መኖር አዲስ ነገር ባይሆንም፣ በብዛት የገባንበት ዘመን ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው። በሰቲት ሑመራ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ በትራክተር ይሠሩ የነበሩ ብዙዎች በ1970ዎቹ አጋማሽ መሬቱ ሲወረስና ጦርነቱ ሲከፋ ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ። ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራና ከመሐል አገርም ወጣቱ በመተማና በከሰላ በኩል እየተከተለ መጣ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ሌላ ብዙ ሕዝብ አፈለሰ።

ገዳሪፍ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የትራክተር እርሻ የተስፋፋባት አገር ስለነበረች፣ የሑመራ መካኒክ እንግድነት አልተሰማውም። ማሽኑ ያው ነው፤ አፈሩም ያው ጥቁር አፈር ነው። ከዚያ አብዛኛው ወደ ካርቱም ዘለቀ። ማደሪያው በደይም፣ በሰጃና፣ በሳሐፋና በጀሪፍ ሲሆን፣ ሥራው ግን በሦስቱም ከተሞች የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ማለትም በካርቱም፣ በባሕሪና በኦምዱርማን ነበር።

መጀመሪያ ያስቸገረን ቋንቋ ነው። እኛ ባሌስትራ ስንል እነርሱ «ያይ» ይላሉ፤ ላሜራ ስንል «ሳጅ»፣ ፍሪሲዮን ስንል «ክላች»፣ ብየዳ ስንል «ሊሓም»፣ ጎማ ስንል «ለስቲክ» ይሉናል። ጎሚስታው «በንሸርጂ» ሆኖ አገኘነው። አንድ ቃል ብቻ ሳይቸግረን ገባን፤ ሻንሲ ስንል እነርሱ «ሻሴ» ይሉ ነበርና። ሁለቱም አገር ቃሉን ከፈረንሳይኛ ነው ያገኘው፤ ለእኛ በጣልያን በኩል ዞሮ መጣ እንጂ።

እንግዳ ሰው በስሙ ዋርሻ መክፈት ስለሚከብደው፣ አብዛኛው የሠራው ከሱዳናዊ ባለቤት ጋር ነው። በዚህ ረገድ ሳንሸሽግ መናገር የሚገባን ነገር አለ። ደመወዙን የከለከለን ባለ ዋርሻ አልጠፋም፤ እንደ ልጁ አስተምሮን፣ በ«ኬሻ» የተያዘብንን ሰው ሌሊት ከፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያስፈታልን ኡስታም ግን ብዙ ነው። ሻንሲ መደረብን ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። እኛም ከጋራዥ ያመጣነውን የቶርኖና የላሜራ ሙያ ጨመርንበት። ይህ የጋራ ሥራ እንጂ የአንድ ወገን ታሪክ አይደለም።

በግቢ ውስጥ የተሠራው

በዋርሻ የተማረ ሰው ውሎ አድሮ በተከራየው ቤት ግቢ ማለትም በ«ሆሹ» ውስጥ የራሱን ሥራ መጀመሩ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ቀኑ ዓርብ ነው፤ የሱዳን የዕረፍት ቀን ስለሆነ። ዕቃው አንድ የመበየጃ ትራንስፎርመር፣ አንድ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ መዶሻና ሜትር ነው። ብረቱ ከቁራሌው ገበያ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሥራ ሁልጊዜ ካሮ ነበር። ካሮ በካርቱም አህያ የሚጎትተው ጋሪ ነው፤ ውሃ በበርሜል፣ ጡብም ሆነ አሸዋ ያመላልሳል። ከአሮጌ ትንሽ መኪና የኋላ አክስል ከነጎማው ይገዛል፤ በላዩ የአንግል ብረት አልጋ ይበየዳል፤ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወደ ፊት ይወጡለታል። ቀላል ይመስላል፤ ጥበብ ግን አለበት። አክስሉ ወደ ኋላ ከራቀ ጭነቱ በሙሉ የአህያዋን ጀርባ ይጫናል፤ ወደ ፊት ከቀረበ ደግሞ ዘንጉ ሽቅብ ይነሣና መታጠቂያው ሆዷን ያንቃታል። ከካሮ ላይ ክብደትን ማከፋፈል ያልተማረ ሰው ሎሪ ላይ ሊማረው አይችልም።

ከካሮ ቀጥሎ የትራክተር ተሳቢ፣ ከዚያም ለሕዝብ ማመላለሻ የሚሆነው «ቦክስ» ይመጣል። ቦክስ ማለት ከኋላው አግዳሚ ወንበርና ጣሪያ የተበየደለት የቶዮታ ፒክአፕ ነው። በመጨረሻ የሎሪ ሻንሲ ማስረዘምና መደረብ ይሆናል። ሥራው ቢተልቅም መሠረቱ አንድ ስለሆነ፣ ለልጆቻችን እንዲቀር ቅደም ተከተሉን እንጽፈዋለን።

አንደኛ፣ መሬቱ ይስተካከላል። የግቢው አፈር ሜዳ ቢመስልም ሜዳ አይደለም። ስለዚህ አራት ጡብ ወይም አራት የብረት መቆሚያ ይቀመጥና፣ ውሃ በሞላበት በግልጽ ላስቲክ ቱቦ የአራቱ ከፍታ ይለካል። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚቆም አይዋሽም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጠራል፤ ከሲባጎው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያለው ርቀት በየቦታው ይለካል። ለማዕዘኑ 60፣ 80 እና 100 ሳንቲ ሜትር የሚለውን የግንበኞች ዘዴ እንጠቀማለን፤ አንዱ ጎን 60፣ ሌላው 80 ሆኖ ማገናኛው 100 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው።

ሦስተኛና ዋናው፣ አግድመቱን መለካት ነው። ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ ሲለካ ሁለቱ እኩል መምጣት አለባቸው። ርዝመቱም ስፋቱም ልክ ሆኖ አግድመቱ ከተለያየ ሻንሲው ተጋድሟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል፤ ጎማ ይበላል፤ መሪውም ሹፌሩን ያደክማል። ጀማሪን ከባለሙያ የምንለየው በዚህች ልኬት ነበር።

አራተኛ፣ ብየዳው በነጥብ ይጀመራል። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም ወደ ተበየደበት ጎን ይጎትታል። አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው በይዶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በማግስቱ የተጣመመ ሻንሲ ያገኛል። ስለዚህ ሁሉም መጋጠሚያ መጀመሪያ በነጥብ ይያዛል፤ እንደገና ይለካል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ከቀኝ፣ አንድ ጊዜ ከግራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሞላል። «ብረትን እንደጋለ» የሚለው ተረት ለቀጥቃጭ ይሠራል፤ ለበያጅ ግን ትዕግሥት ይበልጣል።

የፋብሪካ ሻንሲ ሲጠገን ሌላ ጥንቃቄ አለው። በስንጥቁ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሮጥ። ከዚያ ተቦርቡሮ ይበየድና ተደራቢ ብረት ይደረግበታል። የተደራቢው ጫፍ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ሰያፍ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ስለሚያርፍ እዚያው ይሰበራል። ቡሎን የሚበሳውም በብረቱ ሆድ ላይ እንጂ በላይኛውና በታችኛው ከንፈሩ ላይ አይደለም፤ ሸክሙን የሚችለው ከንፈሩ ነውና። ይህን ያስተማሩን ኡስታዎች መጽሐፍ አላነበቡም። ያነበቡት ተሰብሮ የመጣላቸውን ብረት ነው።

እንደኛው በሌላ አገር

ይህ ሥራ የድሃ አገር ሥራ ብቻ እንዳይመስለን ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ የድሮ ፎርድ መኪናዎችን በየቤታቸው ጋራዥ እየፈቱ ፈጣን መኪና ይሠሩ ነበር፤ «ሆት ሮድ» ይሉታል። በ1948 በዚሁ ስም መጽሔት ወጣ፤ በ1951 ደግሞ ብሔራዊ የውድድር ማኅበር ተቋቋመ። ተወዳጁ የ1932ቱ ፎርድ ሻንሲ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ብረት ስለነበር፣ ለትልቅ ሞተር እንዲችል ክፍት ጎኑን በላሜራ በይደው ይዘጉት ነበር። ከባዶ የሚጀምሩት ደግሞ 50 በ100 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ አራት ማዕዘን ቱቦ ይጠቀማሉ። እነርሱም እንደኛ አስተካክለው ያስቀምጣሉ፤ አግድመቱን ይለካሉ፤ በነጥብ ይበይዳሉ። የእነርሱ ዓላማ ፍጥነትና ደስታ ሲሆን የእኛ ግን ጭነትና እንጀራ ነበር። በእነርሱ ዘንድ ይህ ሥራ መጽሔት፣ ማኅበርና ሙዚየም አለው። በእኛ ዘንድ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረውም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረንም እርሱው ነው።

የተከፈለው ዋጋ

ሥራውን ስናመሰግን ጉዳቱን መደበቅ አይገባም። በግንቦትና በሰኔ የካርቱም ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ብረት በእጅ አይያዝም፤ ስለዚህ ሌሊት እንሠራ ነበር። ሌሊት ደግሞ መብራት ይጠፋል። መነጽር የሌለው ልጅ የብየዳውን ብርሃን እያየ ያድርና ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት እስኪነጋ ይቃጠላል። ጣታቸውን ያጡ፣ ጀርባቸው የተጎዳ አሉን። ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተጎዳውን ያስታመመው እድሩና የሰፈሩ ሰው ነው።

ሌላው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ሻንሲ ሲጠነክር ባለ ንብረቱ ጭነቱን ይጨምራል። ፍሬኑ ግን የበፊቱ ፍሬን ነው። ከጭነቱ በላይ የተሳፈረውን ሰው የሚጠብቀው ነገር የለም። «ብረቱ ይችላል» ብለን ያስረከብነው መኪና ተገልብጦ ሰው ሲጎዳ መስማት ለበያጅ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ከዚህ የተነሣ ከእኛ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ሻንሲውን ሲያስረዝሙ ፍሬኑንና ባሌስትራውን አብረው ካላደሱ ሥራውን አንቀበልም እስከ ማለት ደርሰዋል። ሥራ አጥተውበታል። ክብራቸውም ይኸው ነበር።

የዘመኑ መለወጥ

ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው አስፋልት በ1980 ተጠናቀቀ። በአስፋልት ላይ ትልልቁ የጃፓን መኪና ኒሳን ቤድፎርድን እየተካ ሄደ። በእንግሊዝ አገርም ጀነራል ሞተርስ የቤድፎርድን የጭነት መኪና ሥራ በ1987 ሸጠው፤ ገዥውም ኩባንያ በ1992 ከሰረ። በ2000 ደግሞ ከካርቱም በስተ ደቡብ የጊያድ የመኪና መገጣጠሚያ ተከፈተ። ሆኖም ፋብሪካው ከቆመ በኋላ እንኳ አሮጌዎቹ ቤድፎርዶች አስፋልት ባልደረሰበት ሁሉ መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ ረክሻ የሚሉት ባለ ሦስት እግር መጥቶ ለበያጆቻችን አዲስ ሥራ ፈጠረ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት ነው። የባሕሪና የካርቱም የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ተዘረፉ፤ ብዙውም ተቃጠለ። ቶርኖው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ዕድሜ ልክ የተጠራቀመው ሞርሳና መዶሻ በአንድ ሳምንት ጠፋ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በገላባትና በመተማ በኩል፣ ወጣት ሳሉ በእግር በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ሌሎች ወደ ግብጽ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ፖርት ሱዳን ተበተኑ። የሱዳን ጦር ካርቱምን በመጋቢት 2025 መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ከተማዋ የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ።

ዕቃ ተዘርፏል፤ ሙያ ግን ገና በእጅ ላይ አለ። በእጅ ላይ ብቻ ያለ ነገር ደግሞ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ከእነዚያ ከሑመራና ከጎንደር ከመጡት የመጀመሪያዎቹ በያጆች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ኢዮቤልዩ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። ካርቱም ያለነውም የወጣነውም የእነዚህን ሰዎች ስምና የሥራ ታሪክ ከአንደበታቸው እንመዝግብ። የሠሯቸውን ካሮዎች፣ ቦክሶችና ሎሪዎች የሚያሳይ ፎቶግራፍ በቤቱ ያለው ሁሉ ቅጂ ይስጠን። ሱዳናውያን ኡስታዎቻችንንም አብረን እንጻፍ፤ ያለ እነርሱ ታሪኩ ጎዶሎ ነውና።

ለልጆቻችን አንድ ነገር እንጨምር። አባቶቻችሁ የሠሩት ሥራ «ቁራጭ ብረት መለጠፍ» አልነበረም። ልኬት ነበር፤ ኃላፊነትም ነበር። በአገር ቤት ሲሰደብ የኖረውን ሙያ ይዘው በሰው አገር የተከበሩበት ሥራ ነው። ላለፉት ነፍስ ይማር፣ ላሉት ጤናና ዕድሜ ይስጥልን፣ ለሁለቱም አገሮች ሰላም ያውርድልን እንላለን።